«ምንም አልሆንኩም» ሲባል የሚታመነው ቃሉ ነው ወይስ ፊቱ?

ጥያቄውን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ከባለቤቴ ጋር በተኮራረፍን በሦስተኛው ቀን ማታ፣ ሁለታችንም በየስልካችን ላይ አቀርቅረን ሳለ በአንድ የኢንተርኔት መወያያ ገጽ ላይ ጻፍኩት። ሰው ፊቱ ጠቁሮ ምን ሆንክ ሲባል «ምንም አልሆንኩም» ካለ፣ ጠያቂው ቃሉን ማመን አለበት ወይስ ፊቱን? የራሴንም መልስ ከሥሩ አስቀመጥኩ። ቃሉን ማመን አለበት አልኩ። አዋቂ ሰው የከፋውን ነገር መናገር ይችላል፤ ሌላው የልብ አንባቢ እንዲሆንለት መጠበቅ ግፍ ነው። በትዳርም፣ በጓደኝነትም፣ በሥራ ቦታም የሰው እንቆቅልሽ መፍታት ስለ ሰለቸኝ፣ ከእንግዲህ «ምንም» ያለኝን ሰው እንዳለው እንደምወስደው በኩራት አወጅኩ።

በሁለት ቀን ውስጥ ሠላሳ ሦስት መልስ ደረሰ፤ ከመካከላቸው ሦስቱ የራሴ ናቸው። አንዳንዱን ዛሬም ሳስበው ፊቴ ይቀላል። ቢሆንም እንደ ቅደም ተከተሉ ልተርከው።

1ኛው መልስ ሰጪ በ«እርስዎ» ነበር የጻፈልኝ። ይህን የማነሣው በኋላ ማንም በ«እርስዎ» ስላልጠራኝ ነው። በሐሳቤ ተስማምቶ አንዲት ማስተካከያ ብቻ ጨመረ። በእነርሱ ቤት የመጀመሪያው «ምንም» አይቆጠርም። እርሱ የይሉኝታ ነው፤ ሰው ሌላውን ላለማስቸገር የሚለው። ትንሽ ቆይቶ ሁለተኛ ጊዜ ይጠየቃል፤ ያኔ የተመለሰው ይታመናል። ሦስተኛ መጠየቅ ግን ክልክል ነው፤ ከዚያ ወዲያ ንዝንዝ ይሆናል። 2ኛው ደግሞ ፊቱን እንድናምን አዝዞን ሄደ፤ ምክንያት አልሰጠም፣ ተመልሶም አልመጣም።

3ኛው ዝም አይነቅዝም የሚለውን ተረት ይዞ ገባ። ማታ ያናደደውን ነገር ጠዋት ሲነሣ ግማሹን እንደማያስታውሰው፣ ሁሉንም ተናግሮት ቢሆን ኖሮ ዛሬ አንድም ወዳጅ እንደማይኖረው ነገረን። እውነትነት አለው። 4ኛዋ ግን ይህን አነበበችና ሳትቆጣ፣ ግን ሳትለሳለስም፣ የራሷን ታሪክ አመጣች። ከዘጠኝ ዓመት ጓደኛዋ ጋር የተለያዩት ባልደረሰ መልእክት ነው። ጓደኛዋ ታማ በተኛች ጊዜ መልእክት ልካላት ነበር፤ አልደረሳትም፤ ስላልደረሳት አልሄደችም። በኋላ ሲገናኙ ጓደኛዋ ቀዝቅዛ ስታገኛት ምን ሆንሽ አለቻት፤ ምንም ተባለች። ሁለቱም ያንን «ምንም» ይዘው ተራራቁ። እውነቱን ከሌላ ሰው የሰማችው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ ያኔ ይቅርታ ለመጠየቅም ለመቀበልም ጉልበት አልነበራቸውም። ለ3ኛው መልስ ሰጪ በተረቱ ፈንታ ተረት ሰጠችው፦ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

ክርክሩን በሳይንስ ልዝጋው ብሎ የተነሣው 5ኛው ነው። ሰው ለሰው ከሚያስተላልፈው መልእክት ቃሉ 7 በመቶ ብቻ ነው፣ 38 በመቶው የድምፅ ቃና፣ 55 በመቶው የፊት ገጽታ ነው፣ ስለዚህ ፊቱን እመን አለኝ። ይህን ስሌት ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ እኔም በአንድ የሥራ ሥልጠና ላይ በትልልቅ ፊደል ተጽፎ አይቼዋለሁ። 6ኛው ግን ወዲያው አፈረሰው። ይህ ሰው እስከ መጨረሻው ድረስ የክሩ፣ ማለትም የዚህ ተከታታይ ውይይት፣ ቁጥር ተቆጣጣሪ ሆኖ ቀረ። ስሌቱ የሥነ ልቦና ተመራማሪው አልበርት መህራቢያን እ.ኤ.አ. በ1967 ካሳተማቸው ሁለት ጥናቶች የተወሰደ መሆኑን፣ የተጠናውም ንግግር ሁሉ ሳይሆን ተናጋሪው ሰውን መውደዱንና መጥላቱን ሲገልጽ፣ ያውም በነጠላ ቃላት፣ የሚሰጠው ስሜት ብቻ መሆኑን አስረዳ። ቃል ሰባት በመቶ ብቻ ቢሆን ኖሮ የማናውቀውን ቋንቋ የሚናገር ሰው ፊቱን እያየን ዘጠና ሦስት በመቶውን በተረዳነው ነበር ሲልም አላገጠ።

እዚህ ላይ ክሩ ያበቃ መስሎኝ ነበር። 7ኛዋ ግን 6ኛው ልብ ያላለውን ነገር አየች። መህራቢያን ያጠናው ቃልና ቃና ስለ ስሜት ሲጋጩ የሚሆነውን ከሆነ፣ የእኔ ጥያቄም እርሱ ራሱ አይደለምን? አፉ ምንም ይላል፣ ፊቱ ብዙ ይላል። በየሥልጠናው አለቦታው የሚጠቀሰው ጥናት ለአንድ ጊዜ እንኳ በቦታው ተገኘ ማለቷ ነው። 6ኛው በ8ኛው መልስ ተመልሶ፣ በቤተ ሙከራ የተቀዳ ነጠላ ቃል ከባልና ሚስት ጭቅጭቅ ጋር እኩል እንዳልሆነ አስጠንቅቆ፣ ነገሩን እየመረረው ተቀበለ። ሰው በመድረክ ላይ ሐሳቡን ሲለውጥ ያየሁት ያን ቀን ነው።

9ኛው የአንድ ክፍል ኃላፊ ነበር። የእኔን ደንብ በሥራ ቦታ ሞክሮት ያውቃል። በየስብሰባው መጨረሻ ጥያቄ ያለው አለ ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ ሁሉም ዝም ይላል፤ እርሱም ዝምታውን ስምምነት ብሎ ይወስዳል። ከበሩ ውጭ ግን ኮሪደሩ በማጉረምረም ይሞላ ነበር። አንድ ዓመት እንዲህ ቆይቶ በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ሠራተኛ ለቀቀበት። ሦስቱም ሲሰናበቱ ምንም ቅሬታ እንደሌላቸው ነግረውታል። ከዚያ በኋላ ጥያቄ አለ ወይ ማለቱን ትቶ ይህ ዕቅድ ቢከሽፍ መጀመሪያ የሚከሽፈው የቱ ጋ ነው ብሎ መጠየቅ ጀመረ። ለመጀመሪያው ጥያቄ ዝም ማለት ጨዋነት ነበር፤ ለሁለተኛው ዝም ማለት ግን አላዋቂነት ይመስላልና ሰዎቹ መናገር ጀመሩ። ከክሩ ሁሉ ለሥራዬ ወዲያው የተጠቀምኩበት ምክር ይህ ነው።

10ኛዋ ይህንኑ ይዛ ኤሚ ኤድመንድሰን በሆስፒታሎች ያደረገችውን ጥናት ነገረችን። ተመራማሪዋ ጥሩ የሚሠሩ ቡድኖች የመድኃኒት አሰጣጥ ስሕተት ያነሰባቸው ይሆናሉ ብላ ስትጠብቅ፣ በመዝገቡ ላይ የተገኘባቸው ስሕተት የበዛ ሆነ። የተሳሳቱት ከሌሎቹ በልጠው ላይሆን ይችላል፤ ልዩነቱ የተሳሳቱትን ለመናገር አለመፍራታቸው ላይ ነበር። 10ኛዋ ከዚያ ወደ ቤቴ ዞረች፦ የእኔ ቤት ጸጥ ያለው ሰላም ስለሆነ ነው ወይስ መዝገቡ ባዶ ስለሆነ? ጥያቄው በጨዋነት የቀረበ ነው፤ ቢሆንም ወጋኝ።

11ኛው ከአቪዬሽን ጋር የተያያዘ ሥራ ያለው ይመስላል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1990 ከኮሎምቢያ ወደ ኒው ዮርክ ይበር የነበረ የአቪያንካ አውሮፕላን በመጥፎ የአየር ጠባይ ምክንያት ከአንድ ሰዓት በላይ አየር ላይ እንዲዞር ተደረገ። ነዳጁ እያለቀ ነበር። ረዳት አብራሪው ነዳጅ እያለቀባቸው መሆኑን ለተቆጣጣሪዎቹ ተናግሯል፤ አደጋ መሆኑን የሚያውጀውን፣ ሁሉን ነገር አስቁሞ መንገድ የሚያስከፍተውን የታወቀውን ቃል ግን አልተናገረም። በረዳት አብራሪው ጆሮ ያለው ነገር በቂ ነበር፤ በተቆጣጣሪዎቹ ጆሮ ግን ብዙ አብራሪዎች ከሚሉት የተለየ አልነበረም። የመጀመሪያው የማረፍ ሙከራ አልተሳካም፤ ሞተሮቹ ጠፉ፤ 73 ሰዎች ሞቱ። በበረራ ሥራ ትእዛዝ የተቀበለ ሰው የሰማውን መልሶ እንዲያነብብ የሚገደደው በእንዲህ ያለ ክፍተት ምክንያት ነው፣ በቤትም የሰማኸውን መልሰህ ብትናገር ምን ትከስራለህ አለኝ። ከኩርፊያ ተነሥቶ የአውሮፕላን አደጋ ላይ መድረሱ ቅጥ ያጣ መስሎኝ ነበር። በኋላ ግን ሳወጣና ሳወርድ፣ የምንናገረው እኛ ለምናውቀው ያህል እንጂ ሰሚው ለሚያውቀው ያህል አለመሆኑን እንዲህ አጉልቶ ያሳየኝ ሌላ ነገር አላገኘሁም።

12ኛዋ በ«አንተ» መጣች። ጽሑፌን ሁለት ጊዜ እንዳነበበችው፣ ስለ «ምንም» ብዙ እንደ ጻፍኩ፣ ባለቤቴ ለምን እንደ ከፋት ግን አንድም ቃል እንዳልጻፍኩ አስተዋለች። ወይ አላውቀውም ወይ ደብቄዋለሁ፤ የትኛው ነው? በ13ኛው መልስ እኔ ራሴ ገብቼ፣ ጉዳዩ ጥቃቅን ነገር መሆኑን፣ ዋናው ቁም ነገር መርሁ መሆኑን በትሕትና አስረዳሁ። 14ኛው መልስ በአራት ደቂቃ ውስጥ ደረሰ፤ እርሷው ነበረች። የእኔ «ጥቃቅን ነገር» ከባለቤቴ «ምንም» በምን እንደሚለይ ብነግራት ደስ እንደሚላት ጻፈች።

ለጥቂት ሰዓት ዝም አልኩ። በዚያ መካከል ሌሎች ቦታውን ያዙት። 15ኛው ሴት በቀን ሃያ ሺህ ቃል፣ ወንድ ሰባት ሺህ ቃል እንደሚናገር፣ ስለዚህ ባለቤቴ መናገር አቅቷት ሊሆን እንደማይችል ፈረደ። የቁጥር ተቆጣጣሪው በ16ኛው መልስ ያንንም አፈረሰው፦ ማቲያስ ሜልና ባልደረቦቹ 396 ተማሪዎች ድምፅ መቅጃ ይዘው እንዲውሉ አድርገው እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት ሴቶቹም ወንዶቹም በቀን ወደ አሥራ ስድስት ሺህ ቃል ሆነው ተገኙ። 17ኛው እና 18ኛው እዚህ ላይ ተያያዙ። አንዱ ሌላውን ነገረኛ፣ ሌላው አንዱን አላዋቂ አለው። በመልካም ተግባቦት ጉዳይ ላይ ሲወያዩ መሆኑን ያስታወሳቸው የለም።

19ኛው መልስ የእኔ ነው፤ እንዲህ ብዬ ተናዘዝኩ። ባለቤቴ ሁለት ወር የደከመችበትን ዕቅድ በዚያ ቀን ለመሥሪያ ቤቷ ኃላፊዎች ታቀርብ ነበር። አውቅ ነበር፤ ጠዋት ስትወጣ ይቅናሽ ብያታለሁ። ማታ ስገባ ግን ስለ ራሴ ቀን ግማሽ ሰዓት አወራሁ። ዝም ስትለኝ ምን ሆንሽ አልኳት። ምንም አልሆንኩም አለችኝ። ቃሏን አምኜ ተኛሁ።

ከዚያ በኋላ የወረደብኝን ሁሉ አልዘረዝርም። 20ኛው ብቻውን አምስት አንቀጽ ጻፈ፤ መርህ ብዬ የጠራሁት ነገር ስንፍናዬን ለመሸፈን የሰፋሁት ልብስ ነው አለኝ። ከሁሉ የበለጠ ቆም ብዬ እንዳስብ ያደረገችኝ ግን ያልተቆጣችው 21ኛዋ ናት። ኬኔት ሳቪትስኪ፣ ቦአዝ ኬይሳር፣ ኒኮላስ ኤፕሊ እና ሌሎች እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተሙትን ሙከራ ተረከችልን። ባልና ሚስት ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው፣ አንዱ ሁለት ሦስት ትርጉም ያለው ዐረፍተ ነገር ይናገራል፤ ሌላው ምን ማለቱ እንደሆነ ይገምታል። ያንኑ ደግሞ ከማያውቁት ሰው ጋር ይደግሙታል። ባለትዳሮቹ እርስ በርስ የተግባቡት ከባዕድ ጋር ከተግባቡት አይበልጥም ነበር። የጨመረው የተናጋሪዎቹ እርግጠኝነት ነው፦ የትዳር ጓደኛዬስ ገብቶታል ብለው አሰቡ። ለባዕድ ስንናገር እንጠነቀቃለን፣ እናብራራለን፤ ለቅርብ ሰው ግን ያውቀዋል ብለን እንዘላለን። እናም 21ኛዋ እንዳለችው፣ ባለቤቴ ያን ቀን ምን ቀን እንደሆነ ባሌ ያውቃል ብላ ዝም አለች፤ እኔም ከከፋት ትነግረኛለች ብዬ ዝም አልኩ። ሁለታችንም በቅርበታችን ተማምነን ነበር።

22ኛው በዚህ ላይ የጠረጴዛ ማንኳኳቱን ሙከራ ጨመረበት። ኤልዛቤት ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1990 በስታንፎርድ ሰዎች የታወቁ ዘፈኖችን ዜማ በጣታቸው እየመቱ ለሌሎች እንዲያሰሙ አደረገች። የሚመቱት ሰዎች ግማሹ ይታወቃል ብለው ገምተው ነበር፤ ከ120ው የታወቀው ሦስት ብቻ ነው። የሚመታው ሰው በልቡ ሙሉውን ዘፈን እየሰማ ነው፤ ለሌላው የሚደርሰው ኳኳታ ብቻ ነው። የባለቤቴ ዝምታም እንዲሁ ነበር ማለቱ ነው። በዚህ ተጽናናሁ፤ ምናልባት ከሚገባኝ በላይ።

23ኛዋ ለእኔ ጥብቅና ቆመች፤ ብቸኛዋ ጠበቃዬ ናት። መርሳት ጥፋት ቢሆንም ሦስት ቀን ማኩረፍ ደግሞ ቅጣት እንደሆነ፣ እርሷ ያደገችበት ቤት አባቷ ሳምንት እያኮረፈ ልጆቹ በእግር ጣታቸው ይሄዱበት የነበረ ቤት እንደሆነ ጻፈች። ለ20ኛው፣ ኩርፊያን የሚያሞግስ ሰው ተኮርፎ የማያውቅ ነው ስትል በጠንካራ ቃል መለሰች። ነገሩን ያበረደው 24ኛው ነው፤ ባለትዳሮችን የሚያማክር ሰው እንደሆነ ከአነጋገሩ ያስታውቃል። ጆን ጎትማን ለረጅም ዓመታት ባለትዳሮች ሲጨቃጨቁ እየተመለከተና የልብ ምታቸውን እየለካ ካገኛቸው ነገሮች አንዱን አነሣ። የልብ ምት በደቂቃ ከመቶ ሲያልፍ ሰው የሚባለውን በትክክል መስማት ያቅተዋል፤ ስለዚህ ቢያንስ ሃያ ደቂቃ ያህል መለየት ይጠቅማል። ነገር ግን መለየትና ማኩረፍ አንድ አይደሉም። አንዱ ተቆጥቻለሁ፣ ትንሽ ልረጋጋና ተመልሼ እንነጋገራለን ብሎ ይወጣል፤ ሌላው በሩን ይዘጋል፣ መቼ እንደሚከፈት አይናገርም። ለ3ኛው መልስ ሰጪም እዚሁ ላይ መልስ ነበረው፦ ዝም አይነቅዝም የሚባለው ዝምታው ቀጠሮ ካለው ነው።

ከዚያ ክሩ መንገድ ሳተ። 25ኛዋ እግረ መንገዷን፣ ባለቤቷ በስልክ መልእክት «እሺ» ብሎ አራት ነጥብ ካስቀመጠ መቆጣቱን እንደምታውቅ ጻፈች። ከዚህ በላይ አያስፈልግም ነበር። 26ኛው ጡረታ የወጣ የቋንቋ መምህር ነኝ ብሎ፣ ዐረፍተ ነገር በአራት ነጥብ መዘጋት እንዳለበት፣ ይህን የቁጣ ምልክት ያደረገ ትውልድ እንደሚያሳዝነው ገለጸ። 27ኛው እሺ ይበልጣል ከሺ የሚለው ተረት አራት ነጥብ ያለውንም ይጨምራል ወይ ብሎ ጠየቀ፤ ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ፤ ባለቤቴ ቀና ብላ አየችኝና ተመልሳ አቀረቀረች። 28ኛው የቁጥር ተቆጣጣሪው ነበር። አሜሪካ በሚገኘው በቢንግሃምተን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት በነጥብ የተዘጋ አጭር የስልክ መልስ ከልብ ያልሆነ መስሎ እንደሚታይ ማግኘቱን ተናገረ፤ አስከትሎም ጀስቲን ክሩገርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጡትን ጠቀሰ። በኢሜይል ሽሙጥና ቁም ነገር የጻፉ ሰዎች አንባቢው ከመቶ 78ቱን ይለያል ብለው ሲገምቱ፣ አንባቢዎቹ በትክክል የለዩት 56 ያህሉን ብቻ ነበር፤ ሳንቲም ወደ ላይ ወርውሮ ከመገመት ብዙም አይሻልም። መምህሩ ይህ ሁሉ ጥናት የሥርዓተ ነጥብን ሕግ አይለውጥም ብለው ሊመለሱ ይችሉ ነበር፤ አልተመለሱም።

29ኛው መልስ አንዲት መስመር ነበረች። ጸሐፊዋ ከዚያ በፊት ምንም ያልተናገረች ሰው ናት። የባለቤቴ የዕቅድ አቀራረብ እንዴት እንደ ሆነ ጠየቀች።

ለመመለስ ጣቴን አነሣሁ፤ የምጽፈው አልነበረኝም። ኩርፊያው አምስተኛ ቀኑን ይዟል። ክሩ ሃያ ዘጠኝ ደርሷል። ስለ እርሷ ስንት ባዕድ ሰው ሲከራከር ሰንብቷል። እኔ ምን ሆንሽ ብዬ ጠይቄአለሁ፤ ዕቅዱ እንዴት ሆነ ብዬ ግን እስከዚያች ሰዓት አልጠየቅኩም።

ስልኩን አስቀምጬ ጠየቅኋት። ምንም አለችኝ። በ1ኛው መልስ ሰጪ ደንብ ያ አይቆጠርም፤ ትንሽ ቆይቼ ሁለተኛ ጠየቅኋት። አርባ ደቂቃ አብራርታላቸው ነበር። እስከ መጨረሻው አዳመጧት። ጥያቄ አለ ወይ ስትል ማንም አልጠየቀም። ሰብሳቢው ማኅደሩን ዘጋና «እናየዋለን» ብሎ ወጣ። ይህች አንዲት ቃል ምን ማለት እንደሆነች አምስት ቀን ሙሉ ስትገለባብጣት ነበር፤ የመጀመሪያውን ማታ ከእኔ ጋር ልትገለብጣት ፈልጋ፣ እኔ ስለ ራሴ አለቃ እያወራሁ አገኘችኝ። ይቅርታ ጠየቅኋት፤ እርሱ የሁለታችን ነው። ከዚያ ይህን ክር አሳየኋት። ከላይ እስከ ታች አነበበችው፤ 12ኛዋ ላይ ስትደርስ ሁለት ጊዜ ራሷን ነቀነቀች። የሆነውን እንድጽፍ ፈቀደችልኝ፤ 30ኛው መልስ እርሱ ነው።

ማንም ስለ እርቃችን አልጠየቀም። 31ኛው በመሥሪያ ቤት ቋንቋ «እናየዋለን» ማለት አይሆንም ማለት እንደሆነ፣ በሃያ ዓመት የሥራ ዘመኑ ከታየ ነገር የተፈጸመ እንዳላየ በእርግጠኝነት ነገረን። 32ኛዋ እንዲያውም ጥሩ ምልክት ነው አለች፤ የማይፈልጉትን ዕቅድ እዚያው በጥያቄ ያጣድፉት ነበር። 33ኛው ያ የክፍል ኃላፊ ነበር። እርሱ ራሱ ይህን ቃል ለሠራተኞቹ ስንት ጊዜ እንዳለ ቆጥሮ እንደማይጨርሰው፣ ባለ ቁጥርም ነገሩን የሚደግፍም የሚቃወምም ሆኖ እንዳልነበረ፣ ብዙውን ጊዜ ሰነዱን ሳያነብ ስለ ገባ ብቻ እንደሚለው ጻፈ።

ባለቤቴ ይህችን የመጨረሻዋን መልስ ደግማ አነበበቻት። በማግስቱ ጠዋት ዕቅዷን በሁለት ገጽ አሳጥራ፣ አትማ ይዛ ወጣች።